ሞተርሆም መግዛት ያዋጣል? መጀመሪያ ሌሊቶቹን ቁጠሩ፣ ቀጥሎ ጣሪያውን እዩ

እህታችን የጠየቁት «10 ዓመት ያገለገለ ሞተርሆም (ውስጡ አልጋና ሽንት ቤት ያለው፣ የሚታደርበት መኪና) አግኝተናል። በዓመት አንድ ሁለቴ ረጅም ጉዞ እንወጣለን። ብንገዛው ያዋጣናል ወይስ በየጉዞው እየተከራየን ብንቀጥል ይሻላል?» የሚል ነው። በአጭሩ፦ በዓመት ከ40 ሌሊት በታች የምታድሩበት ከሆነ ተከራዩ። ከዚያ ካለፈና መኪናው ውሃ ያልገባበት ከሆነ መግዛቱ ያዋጣል።

40 የምትለዋ ቁጥር እንዲህ ትመጣለች። የግዢውን ዋጋ 100 እጅ እንበለው። ትልቁን የዋጋ መውረድ የመጀመሪያው ባለቤት ተሸክሞታል፤ ቢሆንም በየዓመቱ 6 እጅ ይወርዳል ብላችሁ ያዙ። ለኢንሹራንስና ለዓመታዊ ምዝገባ 2፣ ለማቆሚያ 2፣ ለጥገና 4 ጨምሩበት፤ 14 እጅ ሆነ። ይህ እንግዲህ መኪናው ከቆመበት ሳይነቃነቅ የሚበላው ነው። ተመሳሳይ መኪና ለአንድ ሌሊት የሚከራየው በግዢው ዋጋ 0.35 እጅ ቢሆን፣ 14 ለ0.35 ሲካፈል 40 ይሰጣል። ነዳጁን በሁለቱም መንገድ ስለምትከፍሉት ከሂሳቡ አውጡት። እነዚህ ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ። በኪራዩ በኩል የጽዳት ክፍያው፣ የኪሎ ሜትር ገደቡና በሽርሽር ወቅት የሚጨምረው ዋጋ እንዳይረሳ። በብድር ከሆነ የምትገዙት ወለዱም 14ቱ ላይ ይደመራል፤ ያኔ 40 ሌሊት አይበቃችሁም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥገናዋ ላይ ነው። ሞተርሆም መኪናም ቤትም ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በመንዳት ያረጃሉ፤ የቤቱ ክፍል ግን ቆሞም ያረጃል። ስለዚህ «ትንሽ ነው የተነዳው» የሚለው ማስታወቂያ ተራ መኪና ላይ መልካም ዜና ቢሆንም እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ውሃ ነው። የአብዛኞቹ ግድግዳ ከውጭ ፋይበርግላስ ወይም አሉሚኒየም፣ መሃሉ ፎም፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔንሳቶ ሆኖ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ጣሪያው ደግሞ ለአየር ማስወጫ፣ ለሶላር፣ ለአንቴና እየተባለ በየቦታው ተበስቷል። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቃል፤ መኪናው ሲሄድ አካሉ ስለሚወዛወዝ ስንጥቁ ይሰፋል። የሚገባው ጠብታ ነው። ጠብታው ግን በግድግዳው ውስጥ ተጉዞ ከገባበት ርቆ ይወጣል፤ ቡናማ ነጠብጣብ ከውስጥ እስኪታይ ድረስ እንጨቱ በስብሷል። ይህን ማስጠገን ማለት ግድግዳ መፍታት ነው፤ ባረጀ መኪና ላይ ወጪው የመኪናውን ዋጋ ሊስተካከል ይችላል።

ስለዚህ ያገኛችሁትን መኪና ስታዩ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ቁም ሳጥኖቹን ክፈቱና አሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ ካለ ወይም ጠንካራ የሽቶ ሽታ ከመጣ ጠርጥሩ። የግድግዳውን ማዕዘኖች፣ የመስኮቶቹን ስር፣ ከሾፌሩ በላይ ያለውን አልጋ ጥግ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ። ጤነኛ ግድግዳ ይገፋችኋል፤ የበሰበሰ ግን እንደ እርጥብ ካርቶን ጣታችሁን ያስገባል። ከውጭ በኩል ፀሐይ ጎን ለጎን ስትመታው ቁሙና ግድግዳውን በርዝመቱ ተመልከቱ፤ ሙጫው የለቀቀበት ቦታ እንደ እብጠት ይታያል። የእርጥበት መለኪያ ያለው ባለሙያ ብትወስዱ ከሁሉም ይሻላል። ከ15 በመቶ በታች ደህና ነው፣ ከ20 ካለፈ መመርመር አለበት፣ ከ30 በላይ ያሳየ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቷል። እንዲህ ያለውን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ሻጩ ቀነስኩላችሁ ቢልም።

ከገዛችሁት በኋላ በዓመት ሁለቴ ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ ማሸጊያውን አንድ በአንድ እዩ። የተሰነጠቀውን ፍቁ፣ በአልኮል አጽዱ፣ ለጣሪያው ዓይነት የተሠራውን ማሸጊያ አድርጉ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አትቀቡ፤ ቶሎ ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በላዩ ሌላ ማሸጊያ አይዝም።

ጎማ ላይም ሰው ይታለላል። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ጎማው ግን አርጅቷል። በጎኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሞተርሆም ሁልጊዜ ጭነት እንደተሸከመ ስለሚቆም ጎማው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት። ስድስት ጎማ ያለው መኪና ላይ ይህ ትልቅ ወጪ ስለሆነ ከዋጋው ላይ ተደራደሩበት።

የቤቱ ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ የተለየ ነው። ተራው የሊድ አሲድ ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ቢባልም ዕድሜው እንዲረዝም የምትጠቀሙት ግማሹን ብቻ ነው። ሁሉንም ነገር አጥፍታችሁ ከጥቂት ሰዓት ዕረፍት በኋላ በቴስተር ለኩት፤ 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ላይ ደርሷል። ኃይሉ አልቆ ለሳምንታት ከተቀመጠ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ዳግም ሙሉ አይሞላም። ቆሞ የሚከርም ሞተርሆም ባትሪ የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁሉ ነገር ጠፍቶ እንኳ የጋዝ ጠቋሚው ሌት ተቀን ይስባል። ሊቲየም አብዛኛውን አቅሙን ያሠራል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ግን ቻርጀሩ ለሊቲየም የሚስማማ መሆን አለበት፣ ከ0 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜም ቻርጅ አይደረግም። ባትሪ ስለጨመራችሁ ብቻ ኤሲ ሌሊቱን በሙሉ ይሠራል ብላችሁ አታስቡ።

በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም፤ አሞኒያና ውሃ በሙቀት እየተለያዩ፣ በስበት እየፈሰሱ ነው የሚያቀዘቅዘው። መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፣ ማሞቂያው ያቃጥለዋል፣ ቱቦውም ይደፈናል። አንዴ ከተደፈነ የማቀዝቀዣው ክፍል በሙሉ ይቀየራል። ውሃ ልክ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጀኔሬተር ካለው በወር አንዴ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጭነት ሰጥታችሁ አስነሱት። ቤንዚን ቆሞ ሲከርም ሙጫ ስለሚሆን የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ውሃ በረዶ የሚሆንበት አገር ከሆነ የብርዱ ወቅት ሳይገባ ቱቦውን፣ ፓምፑንና የውሃ ማሞቂያውን ማንጠፍ ግዴታ ነው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን ሰፍቶ ቱቦ ይሰነጥቃል።

ክብደቱን ደግሞ ሻጭ አይነግራችሁም። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 3,500 ኪሎ የሆነ መኪና ባዶውን ሚዛን ላይ 3,050 ቢመዝን የቀራችሁ 450 ኪሎ ነው። አራት ሰው 280፣ አንድ መቶ ሊትር ውሃ 100። ለጋዝ ሲሊንደር፣ ለምግብ፣ ለልብስና ለብስክሌት 70 ኪሎ ብቻ ተረፈ። ከዚህ ያለፈ ጭነት ጎማ ያፈነዳል፣ ፍሬን ስትይዙ የምትቆሙበትን ርቀት ያስረዝማል፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር ያጣላል። ቤተሰባችሁ አራት ከሆነ ይህን ሳትመዝኑ ቀብድ አትክፈሉ።

ነዳጁ ለኪራይም ለግዢም አንድ ነው ብያለሁ፤ በጉዞ በጀታችሁ ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በናፍጣ የሚሄድ ቫን መሰሉ በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 13 ሊትር ሲበላ፣ አውቶቡስ የሚያክለው የቤንዚን መኪና ከ25 ሊትር በላይ ይወስዳል።

በእኔ እይታ ሂሳቡ ባይደግፈውም መግዛት ተገቢ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ቤተሰብ ውስጥ የራሱ አልጋና ሽንት ቤት የግድ የሚያስፈልገው ታማሚ ካለ፣ ወይም ከእንስሳ ጋር የምትጓዙ ከሆነና አከራዮች የማይቀበሏችሁ ከሆነ፣ ክፍያው የሌሊት ዋጋ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ይደሰታሉ በሚል ብቻ ከሆነ ግን ኪራይም ያስደስታቸዋል።

ለማንኛውም ከመወሰናችሁ በፊት ያያችሁትን ዓይነት መኪና ለአንድ ሳምንት ተከራዩ፤ ቢቻል ዝናብ ባለበት ሰሞን። የመጨረሻውን ቀን ሥራ ለአከራዩ አትተዉለት። ጓንት አድርጉ፣ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንከር አፍስሱ፣ ቀጥሎ የእጥበቱን ውሃ ልቀቁ፤ ሳሙናማው ውሃ ቱቦውን ያጥብላችኋል። የሽንት ቤቱን ቫልቭ ታንከሩ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ዝጉት፤ ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ብቻውን ይሄድና ደረቁ ተቆልሎ ይቀራል። ሁለታችሁም ይህን ሠርታችሁ ስትጨርሱ «ነገም እንሂድ» ካላችሁ፣ ከላይ ያለውን ሂሳብ በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት።