መልስ፦ ትልቅ ፕሮፔለርና የተሰበረ ዘንግ

ወንድሜ፣ «የእሽቅድምድም ጀልባዬ ሞተር ያው ነው፤ ፕሮፔለሩን ብቻ አሥር በመቶ ባሳድገው ዘንጉ (ሞተሩን ከፕሮፔለሩ የሚያገናኘው ብረት) ተሰበረ፤ ጀልባውም ይዘላል» ብለሃል። አሥር በመቶ ትንሽ መስሎህ ነው። ቅርጹና ዙሩ ካልተለወጠ ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ጉልበት ከዳር እስከ ዳር ባለው ስፋቱ አምስተኛ ርቢ ያድጋል፤ ያንተ 60 በመቶ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው።

የብዙ ፈጣን የእሽቅድምድም ጀልባዎች ፕሮፔለር በፍጥነት ሲሄዱ ግማሹ ከውሃ በላይ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. በሲያትል ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ በሰዓት 160 ማይል ያለፈችው «ስሎ ሞ ሹን 4» በሁለት የፊት ተንሳፋፊዎችና በፕሮፔለሯ ላይ ብቻ ተደግፋ ነበር የምትበረው። እያንዳንዱ የፕሮፔለር ክንፍ ውሃውን በጥፊ መትቶ ይገባል፣ ይወጣል። ባለሁለት ክንፍ ከሆነ በደቂቃ 10,000 ዙር ማለት 20,000 ጥፊ ነው። ግፊቱም ከዘንጉ መሃል በታች ስለሚያርፍ ዘንጉን ከመጠምዘዝ አልፎ ያጎብጠዋል።

እስቲ ስብራቱን በአጉሊ መነጽር ተመልከተው። እንደ ዛፍ ቀለበት የተደራረቡ ለስላሳ መስመሮችና አንድ ሻካራ ጥግ ካየህ ብረቱ የተሰበረው ቀስ በቀስ ደክሞ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው ዘንጉ ላይ ከተቆረጠው ጥርስ ወይም ውፍረቱ በድንገት ከሚቀንስበት ሹል እርከን ነው።

ዝላዩም ከዚሁ ይመጣል። ፕሮፔለሩ የጀልባውን ጀርባ ከመጠን በላይ ያነሳዋል፤ ከውሃ ሲወጣ ሞተሩ ያለ ጭነት ይጮኻል፣ ተመልሶ ሲነክስ ዘንጉ ይደነግጣል። ስለዚህ አዲስ ዘንግ ከመግዛትህ በፊት ስፋቱን ቀንስ፤ ከዚያ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ልልነትና የፕሮፔለሩን ሚዛን አረጋግጥ። ወፍራም ዘንግ ብቻውን ዝላዩን አያቆመውም።