የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከአፕዴት በኋላ ፐርሚሽኑ የሚቀየረው ፋይል

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበራችን የአባላትን ሒሳብ የሚይዘው በአንድ የኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ነው። የዳታቤዙ ፓስወርድ ያለበትን የኮንፊገሬሽን ፋይል ፐርሚሽን 640 አድርጌው ነበር (ባለቤቱ እንዲያነብና እንዲጽፍ፣ ግሩፑ እንዲያነብ ብቻ፣ ሌላው ምንም እንዳያይ)፤ አፕዴት ሳደርግ 644 ይሆንብኛል። ባስተካክለውም በሚቀጥለው አፕዴት ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፓስወርዱን ይቀይሩ። 644 ሲሆን ሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ፋይሉን ማንበብ ይችላል። አንዴ የታየ ፓስወርድ ፐርሚሽን ስለተመለሰ ተመልሶ ምስጢር አይሆንም።

ከዚያ ፋይሉን ማን እንደነካው ይለዩ። ዲፒኬጂ (ኡቡንቱ ላይ ፓኬጅ፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅል፣ የሚጭነው መሣሪያ) ራሱ የኮንፊገሬሽን ፋይል ብሎ የመዘገበውን በአዲስ ሲተካ የነባሩን ባለቤትና ፐርሚሽን ጠብቆ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚጠረጠረው ከጭነት በኋላ የሚሠራው የፓኬጁ ስክሪፕት ነው፦ ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፍና በአሮጌው ቦታ ያስቀምጠዋል። አዲስ ፋይል ከ666 ይነሳል፤ የተለመደው ኡማስክ (አዲስ ፋይል ሲፈጠር ከፐርሚሽኑ የሚቀነሰው ቁጥር) 022 ሲቀነስለት 644 ይቀራል። የእርስዎ ቁጥር ልክ ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ ፋይሉን በስታት ትዕዛዝ ይዩት። «ሞዲፋይ» ይዘቱ የተጻፈበት ሰዓት ነው፤ «ቼንጅ» ግን ፐርሚሽን ብቻ ሲነካም ይለወጣል። ሁለቱም ዲፒኬጂ ሎግ ላይ ካለው የአፕዴት ሰዓት ጋር ከገጠሙ ፋይሉ እንደገና ተጽፏል። «ቼንጅ» ብቻ ከገጠመ ስክሪፕቱ ውስጥ ቸሞድ (ፐርሚሽን የሚቀይረውን ትዕዛዝ) ይፈልጉ። ስክሪፕቱ ያለው ቫር፣ ሊብ፣ ዲፒኬጂ፣ ኢንፎ ውስጥ ሲሆን የፓኬጁን ስም ይዞ በፖስትኢንስት ያበቃል። የዲፒኬጂን ቬሪፋይ (የተጫኑ ፋይሎችን የሚፈትሸውን አማራጭ) አይመኑ፤ የሚያመሳክረው ይዘቱን በኤምዲ5 (ከይዘቱ በሚሰላ አሻራ) እንጂ ፐርሚሽኑን አይደለም።

ማስተካከያው ዲፒኬጂ ስታትኦቨርራይድ ነው፤ ለአንድ ፋይል እርስዎ የመረጡትን ባለቤትና ፐርሚሽን የሚመዘግብ ትዕዛዝ ነው። «አድ» ብለው ባለቤቱን (ሩት፣ ማለትም የሰርቨሩን ዋና አስተዳዳሪ አካውንት)፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ግሩፕ፣ 640ን፣ በመጨረሻም የፋይሉን ሙሉ አድራሻ በዚሁ ቅደም ተከተል ይስጡት። «አፕዴት» የሚለውን አማራጭ ካልጨመሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ ፋይሉ ወዲያው አይስተካከልም። በአግባቡ የተጻፈ ስክሪፕት ይህን መዝገብ አይቶ ያከብራል። ዝም ብሎ ቸሞድ የሚያደርግ ወይም ፋይሉን የሚጽፍ ግን አያከብርም። እንዲህ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ኢንክሉድ (ከሌላ ፋይል አስገብቶ ማንበብ) የሚቀበል ከሆነ፣ ፓስወርዱን የትኛውም ፓኬጅ ወደማያውቀው የራስዎ ፋይል ያውጡት። እኛም የምንመርጠው ይህን ነው።

ቀጣዩን አፕዴት አይጠብቁ። ፓኬጁን በአፕት ሪኢንስቶል ያድርጉት፤ ስክሪፕቱ ያኔውኑ እንደገና ይሠራል። ከዚያ በሱዱ (በሌላ አካውንት ስም በሚያሠራው ትዕዛዝ) «ኖባዲ» የተባለውን ልዩ መብት የሌለው አካውንት ሆነው ፋይሉን ለማንበብ ይሞክሩ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለዎት ተዘግቷል።