ጥያቄና መልስ፦ ከሮም እስከ ፍሎረንስ፣ ለሁለት ሰው በአንድ መኪና

ጥያቄ፦ የተጋባንበትን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ እኔና ባለቤቴ ሮም ላይ መኪና ተከራይተን በኦርቪዬቶና በሲዬና በኩል እስከ ፍሎረንስ ለመጓዝ አቅደናል። ያለን አምስት ሌሊት ነው። ባለቤቴ መንዳት ስለሚወድ አሲዚንና ፒሳንም ጨምረን በየከተማው ሁለት ሦስት ሰዓት እየቆምን እንለፍ ይላል፤ እኔን ግን የሚያስደስተኝ በእግር መዘዋወርና ተረጋግቶ መብላት ነው። ባለፈው ጉዟችን በጥድፊያ ምክንያት ተኳርፈን ስለተመለስን፣ አሁንም ያው እንዳይደገም ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አሲዚና ፒሳ ለሌላ ጉዞ ይቆዩ። ጥንታዊ ከተማ በሚገባ የሚታየው ሲያድሩበት ነው። በአውቶቡስ የሚመጣው ጎብኚ ረፋድ ላይ ገብቶ አመሻሽ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አደባባዩ ለነዋሪውና እዚያው ለሚያድረው እንግዳ ይቀራል። ርቀቱ ካርታ ላይ ትንሽ መሆኑ ያታልላል፦ ከሮም ኦርቪዬቶ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሲዬና ፍሎረንስ ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊዜውን የሚበላው መኪና ማቆሚያ ፍለጋው፣ ዳገቱና የትኬት ሰልፉ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ኦርቪዬቶ፣ ሁለት ሌሊት ሲዬና፣ ሁለት ሌሊት ፍሎረንስ ብታድሩ እንመርጣለን።

ኦርቪዬቶ ገደላማ አለት ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ መኪናችሁን ከሥር ካምፖ ዴላ ፊዬራ በተባለው ማቆሚያ ትታችሁ በአሳንሰር ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ከሁሉ በፊት የቅዱስ ፓትሪክን የውሃ ጉድጓድ እዩ። እ.ኤ.አ. በ1527 ሮም ስትዘረፍ ሸሽተው እዚህ የተጠለሉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 7ኛ፣ ከተማዋ ብትከበብ ውሃ እንዳታጣ ብለው ያስቆፈሩት ነው። ጥልቀቱ 53 ሜትር ሲሆን፣ እንደ ጠመዝማዛ ገመድ የተጠላለፉ ሁለት ደረጃዎች አሉት፤ ውሃ ለመቅዳት የምትወርደው በቅሎ ተጭና ከምትወጣው ጋር እንዳትገናኝ ታስቦ የተሠራ ነው። ደረጃዎቹ ዝቅ ያሉና ሰፋፊ የሆኑት ለበቅሎዎቹ ሲባል ነው። 248 ደረጃ እየወረዳችሁ በግድግዳው መስኮት አሻግራችሁ ስታዩ፣ በወዲያኛው ደረጃ የሚወጡት ሰዎች ይታዩአችኋል።

ባለቤትዎ መንዳት ይወዳሉና፣ ደስታቸውን ከኦርቪዬቶ ወደ ሲዬና በሚወስደው መንገድ ላይ ቢያገኙት መልካም ነው። ፈጣኑን አውቶስትራዳ ትታችሁ በጥንቱ የካሲያ መንገድ ብትሄዱ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የቫል ዶርቻን ኮረብታማ አገር ታቋርጣላችሁ። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብላ የምትገኘው ፒዬንሳ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 2ኛ የተወለዱባትን መንደር በ15ኛው መቶ ዘመን እንደ አዲስ ያሠሯት ትንሽ ከተማ ናትና፣ ምሳችሁን እዚያ ብሉ፤ የበግ ወተት አይቧ የታወቀ ነው።

ስለ ምግብ ከተነሣ፣ ብዙ ጥንዶችን የሚያጣላው ረሃብ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በእነዚህ ከተሞች አብዛኛው ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ድረስ ነው፤ ከዚያ ወጥ ቤቱ ይዘጋና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይከፈታል። ከሂሳቡ ጋር ‹‹ኮፔርቶ›› ተብሎ በነፍስ ወከፍ የሚጨመረው ገንዘብ የገበታ ክፍያ ስለሆነ አትደንግጡ። ሲዬና ውስጥ በእጅ የሚድጡትን ወፍራሙን ‹‹ፒቺ›› ፓስታ ቅመሱ፤ ሲዬናና ፍሎረንስ ያሉበት የቶስካና አካባቢ ዳቦ ጨው የሌለው መሆኑ የአገሩ ወግ ነው። የፍሎረንስ ስቴክ በክብደት ስለሚሸጥ ለሁለት አንድ ይበቃል። ማደሩ እዚህም ይጠቅማል፦ መኪናው ቆሞ ስለሚያድር የኦርቪዬቶን ነጭ ወይን ሁለታችሁም ሳትሳቀቁ ትጠጣላችሁ።

ሲዬና ስትደርሱ የመጀመሪያውን ምሽት ለፒያሳ ዴል ካምፖ ስጡት። አደባባዩ እንደ ዛጎል ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ሲሆን፣ የጡብ ወለሉ በነጭ ድንጋይ መስመር ዘጠኝ ቦታ የተከፈለው ከተማዋን ያስተዳድር የነበረውን የዘጠኞቹን መንግሥት ለማስታወስ ነው። ሰዉ ሁሉ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እናንተም ተቀመጡ።

አሁን አጥብቀን ወደምንነግራችሁ ጉዳይ እንምጣ። በብዙ የጣሊያን ከተሞች ጥንታዊው ክፍል ያለ ፈቃድ በመኪና አይገባበትም፤ መግቢያው ላይ ቀይ ክብ ያለበት ነጭ ምልክት ቆሞ፣ ካሜራ ሰሌዳችሁን ያነሣል። ቅጣቱ በአከራዩ በኩል ከወራት በኋላ ይደርሳችኋል፤ አከራዩም ስማችሁን ለፖሊስ ስላሳወቀ የራሱን ክፍያ ይጨምራል። እኔና ባለቤቴ አንድ ጊዜ ስልካችን ያሳየንን መንገድ አምነን ገብተን፣ እንግዳ የተቀበለን ሆቴል ሰሌዳችንን ሳያስመዘግብ በመቅረቱ ሁለት ቅጣት ከፍለናል። ስለዚህ ሆቴሉ ከጥንታዊው ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ሰሌዳው መመዝገቡን ከመግባታችሁ በፊት በጽሑፍ አረጋግጡ። መንጃ ፈቃዳችሁ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ዓለም አቀፉን ፈቃድ አብራችሁ ያዙ።

ወደ ፍሎረንስ ስትሄዱ ሳን ጂሚኛኖ ጎራ ብላችሁ 14ቱን ማማዎች ተመልከቱ። ፍሎረንስ ግን መኪና አያስፈልጋችሁም፤ እንደደረሳችሁ መልሱት። የኡፊዚ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ነው፤ 463 ደረጃ ያለውን የካቴድራሉን ጉልላት ለመውጣትም ሰዓት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። የመኪናውን ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት የነዳጁን ጌጅና አራቱንም ጎን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።