ስለ ዱባይ በረሃ ለጠየቃችሁኝ

ዱባይ ያላችሁም፣ ለመምጣት ያሰባችሁም ስለ በረሃው መዝናኛ ብዙ ጠይቃችኋል። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ መቼ መውጣት ይሻላል?

መልስ፦ ከኅዳር እስከ መጋቢት። ከሰኔ በኋላ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በእነዚያ ወራት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ፀሐይ ላይ ማሠራት እንኳ በሕግ ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ የግመል ሩጫ ለማየት ይከፈላል?

መልስ፦ አል ማርሙም የሚባለው የግመል መሮጫ ሜዳ በነፃ ይገባል። በጠዋት ሂዱ። ግመሎቹ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሳይሆን ትንሽ ሮቦት ነው። ባለቤቶቹ ከመሮጫው ጎን በመኪና እየተከተሉ ሪሞቱን ሲነኩት የሮቦቱ አለንጋ ይሽከረከራል። በሮቦቱ ድምፅ ማጉያ ግመላቸውን እየጮሁ ያበረታታሉ። ከሩጫው በላይ እሱን ማየት ያስደስታል።

ጥያቄ፦ ሮቦት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ይህን ሁሉም ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ድሮ ጋላቢዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ክብደታቸው ቀላል ነው ተብሎ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሱዳንና ከሞሪታንያ ይመጡ ነበር። ወድቀው የተጎዱ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤምሬትስ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ጋላቢዎችን ከለከለች። ከዩኒሴፍ ጋር በተሠራ ሥራም ከ1,000 በላይ ልጆች ወደየሀገራቸው ተመለሱ። ሮቦቱ የገባው በዚያው ሰሞን ነው። ባህሉ ሳይጠፋ ግፉ ቀረ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በጭልፊት ማደንስ አሁንም አለ?

መልስ፦ ማሠልጠኑ አለ፤ የዱር እንስሳ ማደን ግን እዚህ አይፈቀድም። አሠልጣኙ ላባ በገመድ አስሮ ያሽከረክራል፣ ጭልፊቱ ያንን ሊቀማ ይወረወራል። ከሀገር ሲወጡ ደግሞ ጭልፊቶቹ የራሳቸው ፓስፖርት አላቸው። የምሬን ነው።

ጥያቄ፦ በራሴ መኪና አሸዋው ላይ መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ፎርዊል ከሆነ፣ ሌላ መኪናም አብሮ ካለ። ብቻችሁን በፍጹም። ጎማውን ወደ 15 ወይም 18 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) አስተንፍሱት፤ ሰፋ ብሎ አሸዋውን ይረግጣል። ኮረብታው ላይ ወደ ጎን አትዙሩ፣ መኪናው ይገለበጣል። አሸዋ ከያዛችሁም ነዳጅ አትርገጡ፤ ጎማው ይበልጥ ይቀበራል። ወርዳችሁ በአካፋ ጥረጉ። አስፋልት ላይ ከመፍጠናችሁ በፊት ጎማውን መልሳችሁ ንፉ።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም፣ እረፍቴም በሳምንት አንድ ቀን ነው።

መልስ፦ አል ቁድራ ሂጂ፣ እህቴ። በረሃውን የሚያቋርጥ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ብስክሌት ይከራያል። ሐይቆቹ ዳር መቀመጥ በነፃ ነው። ከጓደኞችሽ ጋር ታክሲ ተጋሩ፤ የመመለሻውን ግን ቀድማችሁ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገሩ፤ እዚያ ታክሲ እንደልብ አይገኝም።