መልስ፦ ዝላዩ ይቅደም ወይስ ዳይቪንጉ?

አብሽር ወንድሜ፤ ከውጭ ጦር ጋር ወሎ ባለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ላይ የጋራ ልምምድ ቢደረግ ከፓራሹት ዝላዩና ከዳይቪንጉ (ከውሃ ጠለቃው) የቱ ይቅደም ላልከው፣ ያለ ጥርጥር የፓራሹት ዝላዩ። ጠላቂ ሰውነቱ ውስጥ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል፤ አውሮፕላን ላይ ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን፣ ሲከፋም ኅብለ ሰረሰርን ይመታል። ለመንገደኛ በረራ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት ይጠበቃል። በሩ ተከፍቶ ለሚዘለልበት አውሮፕላን እኔ ከ24 አልወርድም።

ሐይቁ ራሱ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተሠራው የጠለቃ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) እንዳለ አይሠራም፤ 18 ሜትር ብትጠልቅ እንደ 23 ቁጠረው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው መኪናውን ነው፦ ከውሃ ወጥቶ ወዲያው ደሴ መውጣት 500 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። እንግዶቹ በጫማ የሚለኩ ከሆነ ደግሞ 60 ጫማ 18 ሜትር መሆኑን ሳትገቡ ተነጋገሩ።