ስለ መዳብ አረር ለጠየቅኸው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በስልኬ ሁለት መስመር ልመልስልህ ጀምሬ ነገሩ ስላላለቀልኝ ተውኩትና ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቡናዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ሌሎችም እንዲከታተሉ ጥያቄህን ላስታውስ። ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለው የአደን ጠመንጃ አለህ። ዘንድሮ እዚሁ ኮሎራዶ አንድ አጋዘንና አንድ ሴት ኤልክ (ከአጋዘን እጅግ የሚተልቅ ዘመዱ) ለማደን ፈቃድ ደርሶሃል። ባለቤትህ «ሥጋውን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው፣ እርሳስ የሌለበት ጥይት ግዛ» ብላሃለች፤ ያ ማለት አረሩ ሙሉ መዳብ የሆነው ነው። ባለሱቁ ደግሞ «መዳብ ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይጥልም» ብሎ አስፈራርቶሃል። ከላይ የጻፉልህ ጋሼም የባለሱቁን ወገን ይዘዋል።

ጋሼን አከብራቸዋለሁ፤ እሳቸው ጠመንጃ ሲወለውሉ እኔ ገና አፌን አልፈታሁም። በዚህ ነገር ግን አልስማማም። ባለቤትህ ልክ ናት። ባለሱቁም ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ እሱ ያለው ነገር የሚደርሰው መዳቡን እንደ እርሳስ አድርገህ ስትተኩሰው ነው። እኔ በራሴ ላይ ደርሶ ነው ያወቅሁት።

መዳብ የጀመርኩበት ዓመት ነው። ኅዳር ውስጥ፣ ሚከር የምትባል የኮሎራዶ ከተማ አካባቢ፣ በረዶ እስከ ቁርጭምጭሚት ገብቷል። አራት ሴት ኤልኮች ከጫካው ጠርዝ ወጡ። የመጀመሪያዋ ጎኗን ሙሉ ሰጠችኝ፤ 180 ያርድ (165 ሜትር) ያህል ነው። ጠመንጃው ውስጥ ያለው ባለ 180 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) መዳብ ነበር፤ ለእርሳስ ስለለመድኩት ያንኑ ክብደት ገዛሁ። ዒላማዬም የለመድኩት ቦታ ላይ ነበር፣ ከወርቹ ኋላ፣ ጎድኑ መካከል። ተኮስኩ። ኤልኳ አልተንገዳገደችም። አንገቷን ቀና አድርጋ እየሰገረች ከጓደኞቿ ጋር ጫካ ገባች። አብሮኝ የነበረው ወዳጄ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደና «ሳትካት» አለ።

የቆመችበት ቦታ ሄድን። ደም የለም፣ ፀጉርም የለም። ሠላሳ እርምጃ ሄድን፣ አሁንም የለም። ወዳጄ እንመለስ ማለት ጀምሯል። እኔ ግን ቃታውን ስስብ የት ላይ እንደነበርኩ ስለማውቅ እንቢ አልኩ። አርባኛው እርምጃ ገደማ ላይ በረዶው ላይ ሮዝ አረፋ አየሁ። የሳንባ ደም ነው። ከዚያ ሰባ ሰማንያ እርምጃ አልፋ ወድቃ አገኘናት። ስንከፍታት ሁለቱም ሳንባዎች ከዳር ዳር ተበስተዋል፤ ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል። ሲገባም ሲወጣም ጎድን አልነካም። ያ በረዶ ባይኖር ኖሮ ኤልኳ ለአሞራ ትቀር ነበር፣ እኔም ዛሬ እዚህ ከጋሼ ጋር ሆኜ «መዳብ አይገድልም» እል ነበር። የወሬው ምንጭ እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል። እንስሳው ቆሞ ሞቷል፣ አዳኙ ግን አላወቀም።

ለምን እንዲህ ሆነ? የተለመደው የአደን አረር (አረር ስል ከቀለሁ ወጥቶ የሚሄደውን ማለቴ ነው) ውስጡ እርሳስ፣ ላዩ ስስ የመዳብ ሽፋን ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ሥጋ ሲያገኝ ይደፈጠጣል፣ ይፈነጣጠራል፤ ከክብደቱ ሩቡን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ያራግፋል። እያንዳንዱ ፍንጣሪ የራሱን ቀዳዳ ስለሚያበጅ ሳንባ ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ ሰፊ ነው፤ እንስሳው ብዙ ጊዜ እዚያው ይንበረከካል። ሙሉ መዳብ የሆነው ሌላ ጠባይ አለው። አፍንጫው ላይ ጠባብ ጉድጓድ አለ፤ በብዙዎቹ ላይ ጫፉ በፕላስቲክ ሾል ያለ ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደምና ፈሳሹ ጉድጓዱን ሞልቶ በግፊት ይሰነጥቀዋል፤ አፍንጫው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፍሎ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ውፍረቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ክብደቱ ግን ከሞላ ጎደል አይቀንስም። ስለዚህ ቀዳዳው ከእርሳሱ ይጠብባል፣ ርቆ ግን ይሄዳል፣ አጥንትም አያቆመውም።

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ አስተያየት አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ቤት «መዳብ» ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የጦር ጥይት ነው። ያ ጫፉ ድፍን ነው፤ የተሠራው እንዳይከፈት ነው። እውነትም እንደ ወስፌ በስቶ ይወጣል። አባቴ በምንሽር የተመታ ጎሽ ቀኑን ሙሉ ሲያስሮጥ እንደዋለ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግሁት። መልኩ ስለሚመሳሰል አንድ ይመስለናል እንጂ የአደን መዳብ የሚሠራው እንዲከፈት ነው። የኮሎራዶ ሕግም ቢሆን ለትልልቅ እንስሳት ሲመታ የሚሰፋ አረር ያዛል፤ ለኤልክ ደግሞ ከ85 ግሬን በታች አይፈቀድም። ያንተ ጠመንጃ ይህን በቀላሉ ያልፋል።

ሌላው ለስሙ መጥፋት ምክንያት የሆነው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ባርነስ የሚባለው ኩባንያ ኤክስ የተባለውን አረር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሙሉ ጎኑ አፈሙዙን እየታከከ ስለሚያልፍ መዳቡ ውስጡ ይጋገር ነበር፤ በአንዳንድ ጠመንጃ ላይም የተተኮሱት ዒላማው ላይ ይበታተኑ ነበር። በ2003 አካሉ ላይ ቀለበት ቀለበት ጉድጓድ ያለበትን ካወጡ ወዲህ ይህ ችግር በብዙ ቀንሷል። ዛሬ እንደ ሆርናዲ፣ ኖዝለርና ፌደራል ያሉ ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸው አላቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመረረ ሰው ዛሬም ሲማረር ብትሰማ አትፍረድበት።

አሁን ላንተ ወደሚሆነው ልምጣ። ዋናው ፍጥነት ነው፤ ጉድጓዱን የሚከፍተው ግፊት፣ ግፊቱንም የሚያመጣው ፍጥነት ስለሆነ። ብዙዎቹ መዳቦች በደንብ እንዲከፈቱ እንስሳው ጋ ሲደርሱ በሰከንድ ከ1800 እስከ 2000 ጫማ ፍጥነት ይፈልጋሉ። ለስላሳ እርሳስ ከዚያ ባነሰም ይደፈጠጣል። ባለ 168 ግሬን መዳብ ካንተ ጠመንጃ በ2800 ገደማ ይወጣል፤ 300 ያርድ ላይ 2230 ገደማ፣ 500 ላይ 1900 እንኳ አይሞላም። እኛ የምናድንበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ የተሻለ ነው። እኔ ግን ለራሴ 350 ያርድ ብዬ ቆርጫለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እቀርባለሁ፣ ካልተቻለም እተዋለሁ። ፊልም ላይ በ700 ያርድ የሚጥሉትን አይተህ እንዳትሞክረው። ደግሞ አንዳንድ ሞዴል በተለይ ለሩቅ ተብሎ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲከፈት ተሠርቷል፤ ሣጥኑ ላይ ያለውን አንብብ።

ከዚህ የሚከተለው ክብደቱን ቀንስ ነው። ባለ 180 እርሳስ ሲሶውን ቢያራግፍ 120 ይቀራል። ባለ 150 መዳብ ግን 150 ሆኖ ገብቶ 150 ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለእርሳስ 180 የምትል ከሆነ ለመዳብ 165 ወይም 168 በል። ለአጋዘን ብቻ ቢሆን 150 እልህ ነበር፤ ኤልክ ስላለበት ግን 168 ለሁለቱም ይሆናል። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል (8.96 ለ11.34 ነው) በአንድ ክብደት መዳቡ ይረዝማል፤ በጣም ሲረዝም ደግሞ አፈሙዝህ ውስጥ ያለው ጥምዝ በሚገባ ላያሽከረክረው ይችላል። ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት ብዙውን ጊዜ በአሥር ኢንች አንድ ዙር ስለሆነ አትቸገርም።

ሁለተኛው የምትመታበት ቦታ ነው። ከወርቹ ኋላ ያለውን ለስላሳ ቦታ ተወው። ጎኑን ሲሰጥህ የፊት እግሩን መስመር ይዘህ ውጣ፣ ከሰውነቱ ከታች ሲሶ ያህል ላይ፣ ወርቹን ራሱን ምታ። በእርሳስ እንዲህ ካደረግህ ሁለቱም ወርች ደም ቋጥሮ ለውሻ ይሆናል። በመዳብ የሚጠፋው ከቡጢ አይበልጥም። አጥንት ስትሰብር እንስሳው እዚያው ይወድቃል፤ ካልወደቀም አይርቅም። ከዚያች ኤልክ በኋላ እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ስምንት ወቅት አልፏል፤ ዘጠኝ አጋዘንና አራት ኤልክ ጥያለሁ፣ ከመቶ እርምጃ በላይ የሄደብኝ አንድም የለም። አራትና ዘጠኝ ብዙ አይደለም፣ አውቃለሁ። ካሊፎርኒያ ግን ኮንዶር የሚባለውን ትልቅ አሞራ ለማዳን (በ1982 ከሃያ ሁለት አይበልጡም ነበር፤ አዳኝ የጣለውን ሆድ ዕቃ ሲበሉ እርሳስ ይመርዛቸዋል) ከሐምሌ 2019 ጀምራ የእርሳስ ጥይትን በመላው አደን ከልክላለች። ያ ሁሉ የካሊፎርኒያ አዳኝ አጋዘኑንና የዱር አሳማውን የሚጥለው እርሳስ በሌለበት ጥይት ነው።

አንዱን ወንድ ኤልክ ሰያፍ ቆሞ ሳለ ነው የመታሁት፤ አረሩ ከፊት ወርች ገብቶ ሰውነቱን ሰንጥቆ ከኋላ በኩል ቆዳው ሥር ቀርቶ አገኘሁት። ያገኘሁት ብቸኛ አረር እሱ ነው፤ ሌሎቹ በሙሉ ወጥተው ሄደዋል። አጥቤ ስመዝነው 168 የነበረው 165 ሆኗል። አሁን የመኪናዬ ቁልፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

መውጣቱ ግን የሚያስጠነቅቀው ነገር አለ። ኤልክ በመንጋ ነው የሚሄደው። ከኋላ ሌላ ካለች አትተኩስ፤ አንዷን በስቶ ሁለተኛዋን ያቆስላል፣ ያንተ ፈቃድ ደግሞ አንድ ነው። እስኪለያዩ ጠብቅ።

ስለ ሥጋው የባለቤትህን ነገር ላጠናክርልህ። በእርሳስ የተመቱ አጋዘኖችን በኤክስሬይ ያዩ ተመራማሪዎች ፍንጣሪው ከቁስሉ ብዙ ርቆ እንደሚገኝ አሳይተዋል፤ አብዛኛው በዓይን የማይታይ፣ በጥርስም የማይሰማ ነው። በ2008 ሰሜን ዳኮታ ለችግረኞች ተሰጥቶ የነበረ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ እርሳስ ተገኝቶ እንዲጣል ተደርጓል። በዚያው ዓመት ከሰባት መቶ በላይ ሰው ደም ሲመረመር የአደን ሥጋ የሚበሉት ትንሽ ከፍ ያለ እርሳስ ነበራቸው። ለአዋቂ ትንሽ ነው፤ ለሕፃን ግን ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። ደግሞ የኛን ቤት አስበው። ፈረንጁ ስቴክ ቆርጦ ይጠብሳል፣ የተበላሸውን ቆርጦ ይጥላል። እኛ ክትፎ ብለን እናደቅቃለን፣ ምንቸት አብሽ ብለን እንፈጫለን። አንድ ፍንጣሪ ድስቱን በሙሉ ያዳርሳል። (ክትፎውን በጥሬው ለምትሉ፦ የዱር እንስሳ ሥጋ ጥሬውን አይበላም፣ እኔ ቤት በደንብ ይበስላል። ኤልክ ስብ ስለሌለው ቅቤውን ሳትሰስት ጨምርበት፤ ቋንጣው ደግሞ ከሰንጋ ይበልጣል።)

«ሳይታረድ እንዴት ይበላል» ያለች እህትም አይቻለሁ። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት ተቆጥረዋል፤ ኤልክም ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው። ስለ መታረዱ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። እኔ በስመ አብ ብዬ ነው የምተኩሰው፣ ቢላዬንም ይዤ ፈጥኜ ነው የምደርሰው። ወርቹ ላይ ሲመታ እዚያው ስለሚወድቅ ለዚህም መዳቡ አግዞኛል።

የቀረው ትንሽ ነው። ከእርሳስ ወደ መዳብ ስትዞር አፈሙዙን የመዳብ ማሟሟያ ተጠቅመህ ጨርቁ ሰማያዊ መሆን እስኪያቆም ድረስ አጽዳው። የጠመንጃህን መነጽር እንደገና አስተካክል፤ በእርሳስ ያስተካከልከው ለመዳብ አይሆንም፣ የኔ 100 ያርድ ላይ ሦስት ኢንች ዝቅ ብሎብኝ ነበር። ዋጋው ውድ ነው፣ እኔ የምገዛው ከተራው እርሳስ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ግን በዓመት ለአደን የምትተኩሰው ሁለት ወይም ሦስት ነው፤ ሁለት ሣጥን ገዝተህ አንዱን ለመለማመድ፣ ሌላውን ለተራራው አድርገው። አንድ ጠመንጃ አንዱን ሞዴል ይወድና ሌላውን ይጠላል፤ የመጀመሪያው ከተበታተነብህ መዳብን ሳይሆን ያንን ሞዴል ነው የምትቀይረው።

እስቲ የገዛኸው የትኛውን እንደሆነ ከሣጥኑ ላይ ጻፍልኝ፤ 100 ያርድ ላይ የተኮስካቸውን ሦስቱንም ፎቶ አንሥተህ ላክ። ቅዳሜ ጠዋት ኦሮራ ከሆንክ ወደ ተኩስ ሜዳ አብረን እንሂድ፤ መደገፊያ ከረጢትና ማሟሟያው እኔ ጋ አለ።