መሪውን የያዘው ረዳቱ ነው ቢባልም ባለመኪናው ይጠየቃል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሴራሚክ ሠራተኛ ነበር። አንድ ዓመት ከአራት ወር ይሆነዋል፣ ማታ ከሥራ ሲመለስ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ ገጭቶ ገደለው። ዕድሜው 34 ነበር። የ7 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉን፤ ገጠር ያሉ እናቱንም እሱ ነበር የሚጦራቸው። መኪናውን ሲነዳ የነበረው መንጃ ፈቃድ የሌለው ረዳት ነው፤ ታስሮ በዋስ ወጥቷል። ባለመኪናው «እኔ ንዳ አላልኩትም፣ ደግሞም ሟቹ አስፋልት ውስጥ ገብቶ ነው» ይላል። በጎን ሽማግሌ ልኮ «150,000 ብር ልስጥና ፈርሙ» እያለ ነው። የባለቤቴ ወንድም ተስማምቷል። ጋብቻችን በሽማግሌ የተፈጸመ እንጂ በወረዳ የተመዘገበ አይደለም። ለቀብር ብሎ የሰጠን 30,000 ብርም አለ፤ ያን መመለስ ይኖርብኝ ይሆን? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቢያንስ ይህን መልስ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ሽማግሌዎቹ ያመጡት ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

ባለመኪናው የሚያነሳው መከራከሪያ ሰፈር ውስጥ ያስኬደው ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ግን አያስኬደውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ከዚህ ኃላፊነት የሚያወጣው አደጋው በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ቁልፉን ለሹፌሩ የሰጠ ባለመኪና፣ ሹፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ለረዳቱ ቢያስረክብ እንኳ፣ «ተሰረቅኩ» ሊል አይችልም። ስለዚህ እርስዎ የባለመኪናውን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ማስረዳት ያለብዎት መኪናው የእሱ መሆኑን፣ ባለቤትዎን የገደለውም ያ መኪና መሆኑን ነው።

«አስፋልት ውስጥ ገብቶ ነው» ያለውን ግን አይናቁት። ቁጥር 2086 ባለንብረቱን በሙሉ ወይም በከፊል ነጻ የሚያወጣው የተጎጂው ጥፋት ሲኖር እንደሆነ ይናገራል፤ ባለመኪናው የቀረው በር ይህ ብቻ ስለሆነ ጠበቃው ኃይሉን ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያፈሰው። ክርክሩ የሚያልቀውም በትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) ነው። የደም ምልክቱ የት ነበር? የፍሬኑ ጭረት ከየት ጀምሮ የት ያበቃል? መኪናው የቆመው ከአስፋልቱ ጠርዝ በስንት ሜትር ላይ ነው? በዚያ መስመር የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ ሰው በጠጠሩ ዳር ከመሄድ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው? የፕላኑንና የሪፖርቱን ቅጂ፣ የአስከሬን ምርመራውንም ውጤት ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጠይቁ። በዚያ ሰዓት እዚያ የነበረ ባለሱቅ ወይም ተሳፋሪ ካለ ስሙንና ስልኩን ይያዙ፤ ምስክር ቤት ሲቀይር ማግኘት ጭንቅ ነው።

በዋስ መውጣት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ሹፌርን የመሰለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። ግልጽ ደንብ አውቆ በመጣስ የተፈጸመ ሲሆን ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ ያለ መንጃ ፈቃድ መሪ መያዝ በዚህ ሊታይ ይችላል። ይህ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ በሽማግሌ እርቅ አይቋረጥም። እርቁ ግን ቅጣት ለማቅለያ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ በዚህ ሳምንት ካልፈረማችሁ የሚሉት ብዙ ጊዜ የወንጀሉ ችሎት ቀጠሮ ስለደረሰ ነው። ረዳቱ በወንጀሉ በነጻ ቢለቀቅ እንኳ የካሳው ችሎት በዚያ ውሳኔ አይታሰርም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 ይህን በግልጽ አስቀምጦታል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከጉዳት በኋላ መታረቅ ይፈቀዳል፤ እኔም ራሴ ደንበኞቼን ያስታረቅኩበት ጊዜ አለ። ችግሩ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ መሆኑ ነው (ቁጥር 3312)። «ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም» ብለው ከፈረሙ በኋላ ገንዘቡ አነሰኝ ማለት አይቻልም። ለመሆኑ ፈራሚው ማነው? በሞት አደጋ ካሳ የመጠየቅ መብት ያላቸው የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ወደላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደታች የሚቆጠሩ ናቸው (ቁጥር 2095)። ሟቹ ይረዳው የነበረ ቢሆንም ሌላ ሰው አይጠይቅም። የባለቤትዎ ወንድም እንግዲህ በራሱ ስም የሚጠይቀው ነገር የለም፤ የእሱ መስማማትም ያለ ውክልና እርስዎን፣ ልጆችዎንም ሆነ አማትዎን አያስርም። አማትዎ የራሳቸው መብት ስላላቸው በክሱ ከሳሽ ሆነው ይግቡ። የልጆቹን ድርሻ የሚነካ እርቅ ቢመጣ ደግሞ ችሎት ፊት ቀርቦ ሳይታይ እንዳይፈረም እመክራለሁ።

150,000 ብር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ይህን ለመመለስ የባለቤትዎ ገቢ መታወቅ አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው። በካሬ ሜትር ተስማምቶ የሚሠራ ሰው የደመወዝ ወረቀት የለውም። ባለመኪናው «የቀን ሠራተኛ ነው፣ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይቀመጣል» ይላል። የሟቹን ስልክና ሲም ካርድ አይጣሉ፣ ለማንም አይስጡ፤ ኮንትራክተሮቹ ሒሳቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ይልኩለት ከነበረ የዝውውሩ ዝርዝር ይወጣል። እቁብ ይጥል ነበር? የእቁቡ ደብተር በየሳምንቱ ሳያቋርጥ የጣለውን ያሳያል፤ ጸሐፊውም ይመሰክራል። የቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለእናቱ የላከበት ወረቀት፣ ያሠሩት የሕንፃ ባለቤቶች፣ ሁሉም ይሰብሰብ። ሌላ ሠራተኛ ጓደኛው በወር ስንት ካሬ እንደሚነጠፍና ካሬው በስንት እንደሚሠራ ቢያስረዳ ዳኛው የሚይዘው ጭብጥ ያገኛል።

ለምሳሌ የወር ገቢው 12,000 ብር መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። ለራሱ ያወጣ የነበረው አንድ ሦስተኛ ቢቀነስ ለቤተሰቡ በወር 8,000፣ በዓመት 96,000 ብር ይቀራል። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ቢባል 26 ዓመት ነው፤ ሲባዛ 2,496,000 ብር ይመጣል። ይህን ሙሉውን ይፈርዱልዎታል ማለቴ አይደለም። ፍርድ ቤት ልጆቹ አድገው ራሳቸውን የሚችሉበትን ጊዜ፣ ገንዘቡ ባንዴ ሲሰጥ ያለውን ጥቅም፣ የሥራውን መዋዠቅ ያያል፤ ትክክለኛው ልክ የማይታወቅ ሲሆን ደግሞ በቁጥር 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ተገቢ ነው ባለው ልክ፣ ይወስናል። ያም ሆኖ ከ150,000 ጋር ሲተያይ ርቀቱ ይታይዎታል። የቀብር ወጪ ደረሰኝ ካለ ይካተት፤ የተዝካሩን ግን አልመክርም፣ ክርክር ብቻ ያበዛል።

ለኀዘኑ የሚከፈለው የሕሊና ካሳ ግን ከ1,000 ብር አይበልጥም። ቁጥር 2116 የጻፈው ጣሪያ ነው። በዘመኑ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። ሕግ አውጪው እስካሁን አልነካውም፣ ለምን እንዳልነካው ሁሌም ይገርመኛል። ይጠይቁት፣ ግን ተስፋ አይጣሉበት።

ኢንሹራንስን በተመለከተ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ያስቀመጠው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር፤ ለእርስዎ የሚሠራው አደጋው በደረሰበት ቀን የጸናው መጠን ነው። ባለመኪናው «ኢንሹራንስ ይከፍላችኋል» ብሎ ቢሸኝዎት፣ ከመድኑ በላይ ያለውን የሚከፍለው እሱ ነው። መድን ሰጪው ብዙ ጊዜ በተከሳሹ ጥያቄ ጣልቃ ገብ ሆኖ ወደ ክሱ ይገባል። መድን የሌለው መኪና ሆኖ ቢገኝ ደግሞ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት አለ።

ክሱን ከማቅረብዎ በፊት ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ያጣሩ። ገልባጭ መኪና በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ ሊብሬ ላይ ያለው «ሸጫለሁ»፣ የገዛው ደግሞ «በስሜ አይደለም» እያሉ ሲገፋፉ ዓመት ያልቃል። ሁለቱንም ይክሰሱ፤ መኪናውን ለጥቅሙ ይዞ የሚያሠራም ሰው በቁጥር 2082 ይጠየቃል። ረዳቱም ይጨመር። ከክሱ ጋር አብሮ የዕግድ አቤቱታ ይግባና የመኪናው ስም እንዳይዛወር ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ይጻፍ። አለዚያ ተፈርዶልዎት የሚያስፈጽሙበት ንብረት ያጣሉ።

የት ይከሰሳል ለሚለው፣ የእርስዎ መስመር የወሰን ነገር ስላለበት ሪፖርቱን የጻፈው የአዲስ አበባ ነው ወይስ የሸገር ከተማ ትራፊክ ፖሊስ የሚለውን ይመልከቱ። ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ገላን ከሆነ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ያየዋል፤ የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ተከሳሹ አዲስ አበባ ነዋሪ ከሆነ ግን በመኖሪያው ቦታ መክሰስም ስለሚቻል የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይቀላል፤ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያያል። የዳኝነት ገንዘብ ካልቻሉ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ጋብቻው አለመመዝገቡ አያስጨንቅዎት። ሽማግሌ የሆኑት፣ አብረው ሲኖሩ ያዩ ጎረቤቶች፣ የእድሩ መዝገብ፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን ያስረዳሉ። ነገር ግን ይህን ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ለማውጣት ጊዜ ይፈልጋል፤ እርስዎ ደግሞ ጊዜ የለዎትም። እንዲህ ያለውን ከውል ውጭ ካሳ የመጠየቅ መብት በሁለት ዓመት ይቋረጣል (ቁጥር 2143)። የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ሲኖረው ያ ይሠራል የሚል ደንብ ቢኖርም በእሱ ተማምነው አይቀመጡ። ስምንት ወር ቀርቶዎታል።

30,000 ብሩን አይመልሱ። ለቀብር የተሰጠ መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይያዙ፤ ባለመኪናው «የካሳው ቅድመ ክፍያ ነው» ብሎ ካስረዳ ቢበዛ ከሚፈረደው ላይ ይቀነሳል።